ካምቢዮ

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ሥፍራ መኪና ሲታመም ምን እንደሚሰማ ያውቃል። ከታች ገደል፣ ከላይ ጉም፣ ከኋላ ደግሞ ጡሩምባውን የሚያስጮኽ የጭነት መኪና ነው። በየካቲት ወር 2011 ዓ.ም. ከዘመድ ልቅሶ ስንመለስ የአባቴ አሮጌ ላንድሮቨር በዚህ ዳገት ወገብ ላይ ቆመች።

ሕመሟ ድንገተኛ አልነበረም። ከማለዳው ጀምሮ በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስትሄድ እንደ ወፍጮ ታጓራ ነበር፤ ሜዳ አግኝታ አራተኛ ሲገባላት ግን ዝም ትላለች። አባቴ ጆሯቸውን ወደ ወለሉ ዘንበል አድርገው፣ «አራተኛ ላይ ዝም ካለች የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ሄዷል ማለት ነው» ብለው ነበር። እኔ ነገሩ አልገባኝም። ዳገቱን ከጀመርን በኋላ ከእግራችን ሥር ብረት ሲሰበር ተሰማ። ሞተሩ ይዞራል፤ መኪናዋ ግን አትንቀሳቀስም። አባቴ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ሞተሩን አጠፉ፤ መሪውን እንደያዙም ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ካምቢዮ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔ በባንክ የውጭ ምንዛሪ መስኮት የምሠራ ሰው ነኝ። ካምቢዮ በጣሊያንኛ ለውጥ፣ ምንዛሪ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በጣሊያን አገር ገንዘብ በሚመነዘርበት ቤት በር ላይ የሚጻፈው ይኸው ቃል ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠሩት የኖሩት የብረት ሣጥንና እኔ ቀኑን ሙሉ የምቀመጥበት መስኮት አንድ ስም እንዳላቸው ግን እስከዚያች ሰዓት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ይህች ጽሑፍ የተወለደችው በዚያ ዳገት ላይ ነው።

*

ሞተር ብርቱ ፍጡር ይመስለናል። በእውነቱ ግን ችሎታው ጠባብ ነው። በፍጥነት መዞር ያውቅበታል፤ ቀስ ብሎ ከባድ ነገር መሳብ ግን አይሆንለትም፤ ካስገደዱትም ይጠፋል። በሞተሩና በጎማው መካከል የተቀመጠው ካምቢዮ የሚሠራው ሥራ ከመንዛሪ ሥራ አይለይም። ፍጥነት ተቀብሎ ጉልበት ይሰጣል፤ ጉልበት ተቀብሎ ፍጥነት ይሰጣል። ባለ 20 ጥርስ ማርሽ ባለ 40 ጥርሱን ሲያዞር ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የማዞር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ከዚያም ላይ በፍትጊያ ጥቂት ይባክናል፤ እሱን የመንዛሪው ኮሚሽን እንበለው። ካምቢዮ ከራሱ አንዳች ጉልበት አይፈጥርም። ያላስረከቡትን አይከፍልም።

ይህን ብልሃት ለመኪና ያደላደሉት ፈረንሳዮቹ ፓናርና ሌቫሶር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሞተሩን ከፊት፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ከኋላው፣ የሚገፋውን ጎማ ደግሞ ከመጨረሻ አድርገው ማርሾቹ በዘንግ ላይ እየተንሸራተቱ ጥርስ ለጥርስ የሚነካከሱበትን አሠራር አመጡ። ንክሻው የዋህ አልነበረም። በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ብረቶች ሲገናኙ ይጯጯኻሉ፤ ያልተማረ እጅ ከገባበትም ጥርስ ይረግፋል። ስለዚህ የጥንት ሾፌር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ በመካከል ነዳጅ ሰጥቶ ፍጥነታቸውን በጆሮው ያስማማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 የካዲላክ ኩባንያ ኧርል ቶምፕሰን የተባለው መሐንዲስ የፈለሰፈውን ሲንክሮ በመኪናዎቹ ላይ አወጣ። ሲንክሮ ማርሾቹ ከመነካከሳቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስማማ ቀለበት ነው፤ እንደ ሽማግሌ በሁለት ባላንጣዎች መካከል ይገባል።

ላንድሮቨር ለዓለም የታየችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ ይጠቀምበት ከነበረው የአሜሪካ ጦር ጂፕ ሐሳቡን አገኘ። እንግሊዝ ከጦርነት በኋላ ብረት በራሽን የሚታደልባት አገር ስለነበረች አካሏ በአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ ሲሆን ሲንክሮ የነበራቸው ሦስተኛውና አራተኛው ብቻ ነበሩ። አራቱም ሲንክሮ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣችው በሦስተኛዋ ትውልድ ነው። የአባቴ መኪና ከዚህች ትውልድ ናት። አባቴ በሾፌርነት ሲያገለግሉበት የነበረ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲሸጣት በ1985 ዓ.ም. የገዟት ናት። እኛን ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ያስተማረችን እሷ ናት፤ ሰኞና ቅዳሜ ገበያተኛ ጭና፣ ዝናብ መንገዱን በቆረጠ ጊዜ ደግሞ በሽተኛ ጭና።

*

ወደ ዳገቱ ልመለስ። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሞተዋል። አባቴ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በእነዚህ ሦስት ማርሾች ጊዜ ኃይሉ ከላይኛው ዘንግ ወደ ታችኛው ይወርድና ተመንዝሮ ወደ ላይ ይመለሳል። በአራተኛ ጊዜ ግን የሚገባውና የሚወጣው ዘንግ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ ኃይሉ ሳይመነዘር ቀጥ ብሎ ያልፋል። አራተኛ ስትገባ ጩኸቱ ይጠፋ የነበረው፣ አሁንም እሷ ብቻ በሕይወት የቀረችው ለዚህ ነበር። ይሁን እንጂ አራተኛ የሜዳ ማርሽ ናት፤ ያን ዳገት በአራተኛ የሚወጣ ላንድሮቨር የለም።

አባቴ እጃቸውን ባለ ቀይ እራሱ አጭር እጀታ ላይ አሳረፉ። ላንድሮቨር ከዋናው ካምቢዮ በስተኋላ ሁለተኛ መመንዘሪያ አላት፤ ቀዩ እጀታ ወደ ኋላ ሲሳብ አራቱም ጎማዎች ይያዙና ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። አራተኛ በዚህ ሁኔታ ከተለመደው ሁለተኛ ማርሽ ብዙ አትርቅም። አባቴ አማተቡ፤ ቀዩን ሳቡ፤ አራተኛ አስገቡ፤ ፍሪሲዮኑንም እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርገው ለቀቁ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያም መጓዝ ጀመረች። የተሰበረ ጥርስ ከሌላው መካከል ገብቶ ሁሉንም እንዳያቆልፈው እየሰጋን፣ በእግረኛ ርምጃ፣ አንዲት ቃል ሳንነጋገር ወጣን።

ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ አባቴ ጥግ ያዙና አቆሙ። ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ከዋሻው በላይ ያለውን ተራራ ያዩ ነበር።

«አባቴ እዚህ ሲደርሱ ይወርዱ ነበር» አሉ።

*

የጣርማ በር ዋሻ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ያለበትም ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ፋሺስት ጣሊያን ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አሥመራ የሚደርሰውን መንገድ ሲያወጣ ያስፈለፈለው ነው። ለበሩም «የሙሶሊኒ በር» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር።

አያቴ በመንዝና በተጉለት በረሃ አምስቱን ዓመት በአርበኝነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው በዚያው ዘመን ሞቷል። አያቴ ከነጻነት በኋላ በአውቶቡስም ሆነ በጭነት መኪና ወደ ቆላ ሲወርዱ ዋሻው አፍ ላይ «አውርዱኝ» ይሉ ነበር። ከዚያም ዱላቸውን ይዘው በተራራው አናት ባለው የእግር መንገድ ይሻገራሉ። ሾፌሩ የማይጠብቃቸው ከሆነም ሌላ መኪና እስኪመጣ በወዲያኛው በኩል ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። «በስሙ በጠራው ቀዳዳ አልሾልክም» ነበር ምክንያታቸው። ስሙ ከተሻረ ብዙ ዓመታት ማለፋቸውን ቢነግሯቸውም አይሰሙም።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ልጅ ነው ሾፌር የሆነው። አባቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው ከነጻነት በኋላ እዚሁ በቀረ በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ስላዘዙ ብዙ ጣሊያኖች በሰላም ቀርተው አናጢ፣ ግንበኛና መካኒክ ሆነው ይኖሩ ነበር። አባቴ የተማሩት ሙያ ከነቋንቋው ነበር። ለበዓል አገር ቤት ሲሄዱ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ ሲሉ አያቴ ሰሙ። ተቆጡ። «የወንድሜን ገዳይ አፍ ይዘህ ቤቴ ገባህ?» አሉ።

በቤቱ ግድግዳ ላይ አያቴ በውጊያ የማረኩት የጣሊያን ጠመንጃ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ወደዚያ አመለከቱና፣ «እርስዎ ጠመንጃውን ማረኩ፤ እኔ ደግሞ ቃሉን ማረክሁ። የእርስዎ ምርኮ ግድግዳ ላይ ነው፤ የእኔ እንጀራ ያበላል» አሉ። አያቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው ሳቁ ይባላል። ከዚያ በኋላ ካምቢዮ ሲባል ተቆጥተው አያውቁም። ዋሻውን ግን በ1974 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ በመኪና አላለፉበትም።

እነዚያን ቃላት አንድ በአንድ ብንፈታቸው ከሥራቸው ሌላ ሕይወት ይወጣል። ማርሽ የመጣበት ቃል ጉዞ፣ ርምጃ ማለት ነው። ፍሪሲዮን ፍትጊያ ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው፤ የሚሽከረከር ዘንግ አንገቱን የሚያሳርፍበት። ባሌስትራ የቀስት መወርወሪያ ነው። ካቻቢቴ ብሎን ነጂ ነው። መኪናችን ላይ የምንለጥፈው ታርጋና በየዓመቱ የምናድሰው ቦሎም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ወራሪው በዘር ለያይቶ ሊገዛን መጣ፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፤ ቃላቱን ግን ከእኛ አፍ ሊከለክል አልቻለም። ጌታው ሲባረር አገልጋዩ ዕቃ ቤቱን ወረሰ።

*

እንደ ምንም ደብረ ብርሃን ደረስን። መኪናዋን አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በሚያውቋቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግቢ አስገባን። ካምቢዮው ሲከፈት በዘይቱ ውስጥ የማርሽ ጥርሶች እንደ ረገፈ የሕፃን ጥርስ ተኝተው ነበር። ሽማግሌው ዘንጉን አገላብጠው አዩና፣ «ይህ አይጠገንም። ቢጠገንም አያዛልቅም። ሙሉ ካምቢዮ ፈልጉ» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ መኪናዋ እንድትሸጥ ፈልጌ ነበር። ለብረቷ ዋጋ የሰጠ ሰው ነበር። አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ያገለገለ ካምቢዮ ከነጉልበት ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜን ይበላል። በባንክ የተማርሁት ሒሳብ መልሱን ወዲያው ነገረኝ። አባቴ ስነግራቸው አልተከራከሩም። «ገንዘቡ ያንተ ነው፤ አንተ ታውቃለህ» ብቻ አሉ። ያ አነጋገር ከክርክር ይልቅ ከበደኝ።

በዚያ ሰዓት ከመካኒኩ ረዳቶች አንዱ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብዙ ጊዜ የሰማሁትን ነገር ተናገረ። «ጣሊያን ትንሽ ቢቆይልን ኖሮ እኮ የት በደረስን! መንገዱን ሁሉ የሠራው እሱ ነው» አለ። በክፋት አልነበረም የተናገረው። ከሰዎች የሰማውን ነው።

አባቴ መልስ የሰጡት ሳይቆጡ ነው። «ልጄ፣ እሱ ባይመጣም መንገድ ይሠራ ነበር። አጎቴ ግን በሕይወት ይኖር ነበር» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ግን የዚያን ሌሊት በአልቤርጎው አልጋ ላይ ሆኜ የለመድሁትን ሥራ ሠራሁ፤ መነዘርሁ።

መንገዱ ለእኛ አልተሠራም። ጦርና ስንቅ ወደ መሐል አገር ለማድረስ ተሠራ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጣሊያን ሠራተኞች፣ ከእነሱም ጎን እጅግ ባነሰ ክፍያ አፍሪካውያን ደከሙበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1946 ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበችው ሰነድ በወረራው 760,300 ሰው እንደሞተባት፣ የደረሰባትም ጉዳት በገንዘብ ሲተመን 184,746,023 ፓውንድ እንደሆነ ገለጸች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 በተፈረመው ውል ጣሊያን እንድትከፍል የተወሰነባት 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ በ4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ኢትዮጵያ የጠየቀችው 744 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን የተፈረደላት ከመቶው 3 ብር ከ36 ሳንቲም ማለት ነው። ከዚያችም ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠራ።

መንገዱስ? ከጦርነቱ በኋላ ጠጋኝ አጥቶ እየፈረሰ ሄደ። እንደገና ያነሣነው በብድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደረች፤ በዓመቱም፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ብድር የሚከፈለው ከነወለዱ ነው። ስለዚህ «ጣሊያን መንገድ ሠራልን» የሚል ሰው ካምቢዮ ጉልበት ይፈጥራል ብሎ እንደሚያምን ሰው ነው። በአንደኛው ዘንግ ምን ያህል እንደገባ ሳይጠይቅ በሌላኛው የወጣውን ብቻ ይቆጥራል።

ይህንን ካሰላሁ በኋላ ግን የራሴ ሒሳብ አሳፈረኝ። እኔስ የመኪናዋን ዋጋ ያሰላሁት የወጣውን ብቻ ቆጥሬ አልነበረምን? የገባውን፣ ማለትም የአባቴን ሃያ ስድስት ዓመት፣ በየትኛው ዓምድ ጽፌው ነበር? ሲነጋ ለአባቴ፣ «ካምቢዮ እንፈልግ» አልኋቸው።

*

ካምቢዮውን ያገኘነው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። (መርካቶም ቢሆን ያው የጣሊያንኛው ገበያ ነው፤ ከዚህ ቋንቋ ማምለጥ ከባድ ነው።) ነጋዴው «ያልተነካ ነው» ብሎ ማለ። አባቴ መሐላውን አልሰሙትም። የላይኛውን ክዳን አስፈትተው ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ዘንጉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ወዘወዙት። በሥሩ የቀረውን ዘይት በሁለት ጣት መካከል አሽተው ብረት ብናኝ እንዳለው ወደ ፀሐይ አዞረው አዩ። እኔ የብር ኖት ሐሰተኛ መሆኑን በጣቴ የምለየውን ያህል እርሳቸው ብረቱን ይለያሉ። በዚያች ሰዓት ሁለታችን አንድ ሙያ ያለን መሰለኝ።

የላንድሮቨር ካምቢዮ እንደ ሌላው መኪና ከሥር አይወርድም፤ በላይ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ወንበሮቹ ይነሣሉ፤ ቀጥሎ የወለሉ ቆርቆሮ፤ ቀጥሎ ካምቢዮውን የሚሸፍነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች፣ የእጅ ፍሬኑ ማያያዣ፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፣ የፍሪሲዮኑ ቧንቧ ይፈታሉ። ሞተሩ ከሥሩ በእንጨት ይደገፋል። ከዚያም ሁለቱን የሚያያይዙት ዳዶዎች ዙሪያውን ተፈትተው ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ብረት በሰንሰለት ተነሥቶ በበሩ በኩል ይወጣል። ያን ቀን ያ ግቢ ጥርስ የሚነቀልበት ሐኪም ቤት ይመስል ነበር። ባዶ የሆነችውን መኪና አባቴ አላዩአትም፤ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ።

ሽማግሌው መካኒክ የፍሪሲዮኑን ሸራ አብረው ለወጡ። «ይህን ሁሉ ከከፈትን በኋላ አሮጌ ሸራ መመለስ ኃጢአት ነው» አሉ። አዲሱን ሸራ መሐል ለመሐል ለማስቀመጥ የተጠቀሙበት ከሌላ የሞተ ካምቢዮ የተረፈ አሮጌ ዘንግ ነበር። ሸራው በቅንጣት ታህል ከመሐል ከራቀ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም።

ቢሆንም አልገባ አለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ረዳቱ ልጅ በትከሻው ሊገፋ ሲል ሽማግሌው፣ «ተው! በጉልበት የገባ ነገር በጉልበት ይሰበራል» ብለው ከለከሉት። ማርሽ አስገብተው ከኋላ በኩል ያለውን መውጫ በእጃቸው ቀስ እያሉ ማዞር ጀመሩ። የዘንጉ ጥርስ የሸራውን ጥርስ እየፈለገ ነበር። ድንገት ያ ሁሉ ብረት ያለ አንዳች ድምፅ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ሄዶ ተቀመጠ። ማንም አላጨበጨበም። ሽማግሌው «ተመስገን» ብለው ዳዶ ለመኑ።

*

ዛሬ ስለ ካምቢዮ መጻፍ ስለ ሚሰናበት እንግዳ እንደመጻፍ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን መስጠት ይችላል፤ ስለዚህ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም፤ ፍሪሲዮንም የላቸውም። የልጅ ልጆቻችን «ማርሽ ቀይር» የሚለውን አነጋገር ሰምተው ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቁበት ቀን ይመጣል። አያቴ በቁጣ ሊያባርሩት ያልቻሉትን ቃል ባትሪ በዝምታ ያባርረዋል። ለቴክኒኩ አላዝንም። ቃሉ ግን ሲሄድ የሚነግረን ታሪክ አብሮት እንዳይሄድ እሰጋለሁ፤ የከፈልነውንና የማረክነውን በአንድ ትንፋሽ የሚያስታውስ ሌላ ቃል አላውቅምና።

ላንድሮቨሯ አሁንም አለች። አባቴ ዓይናቸው ስለ ደከመ አይነዱም።

አዲሱ ካምቢዮ የተፈተነው ግን በዚያው ዓመት፣ ዘመዳችን የሞተበት አርባ ሲወጣ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ነው። የነዳሁት እኔ ነበርሁ። ከኋላ አምስት አሮጊቶችና አንድ ጆንያ እህል ነበሩ። ጣርማ በር ስንደርስ ማንም ሳያዘኝ ዋሻው አፍ ላይ አቆምሁ። አባቴ ዞረው አዩኝ፤ ለምን እንዳቆምሁ አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተራራውን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። ጉሙ የእግር መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከኋላችን ጡሩምባ ጮኸ።

«በል እንግዲህ፣» አሉ ባርኔጣቸውን እየመለሱ፣ «ሁለተኛ አስገባ።»

ገባች። ድምፅ አላሰማችም።